የኤች አይ ቪ ምርመራን እንደ ደም ግፊት መለካት የተለመደ ለማድረግ፦ ለዋርድና ለተመላላሽ ክፍል ባልደረቦች

ሆስፒታል የተኛ ሰው ሁሉ ደም ግፊቱ ይለካል። ክንዱን ሲዘረጋ «ለምን እኔን?» የሚል የለም። የኤች አይ ቪ ምርመራም እዚያ ደረጃ መድረስ አለበት፤ መድረስም ይችላል። ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ለምትሠሩ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ አዋላጆችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። እኔም ከቃሊቲ ወዲያ ባለ ሆስፒታል በነርስነት እሠራለሁ። ታካሚዎቻችን ከገላን፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይመጣሉ። የከባድ መኪና ሾፌር አለ። የቀን ሠራተኛ አለ። ከገጠር መጥታ ፋብሪካ የገባች፣ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ወጣት አለች።

ብዙ ሰው «ኤች አይ ቪ ድሮ ቀረ» ይላል። ማስታወቂያው ስለቀነሰ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 በአገራችን ከተሞች የተካሄደው የዳሰሳ ጥናት ግን ሌላ ነገር ነው ያሳየው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑ የከተማ ነዋሪዎች 3 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ነበር። ከነዚህ ውስጥ ይህንኑ የሚያውቁት 79 በመቶ ገደማ ናቸው። ከአምስቱ አንዱ አያውቅም ማለት ነው። ካወቁት ውስጥ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም መድኃኒት ጀምረዋል። መድኃኒቱ አለ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም በነጻ ይሰጣል። ሰው የሚቀርብን ገና ሳያውቅ ነው።

ያ የማያውቀው አንድ ሰው ደግሞ ከእኛ ተደብቆ አይደለም። ሳል ይዞት ይመጣል፤ ሽሮፕ እንሰጠዋለን። ተቅማጥ ይዞት ይመጣል፤ ኦ አር ኤስ እንሰጠዋለን። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ይመጣል፤ ቅባት ይዞ ይሄዳል። ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ በቃሬዛ ነው። በየጊዜው ደሙን ወስደናል። ያን አንድ ምርመራ ብቻ አልሠራንለትም።

የምለው ባጭሩ ይህ ነው። ምርመራው የሚለመደው፣ የሚያክመው ሰው ራሱ፣ በዚያው ክፍል፣ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ድምፅ ሲያቀርበው ነው። «ሂድና ምክር ክፍል ተመርመር» የተባለ ሰው በመንገድ ላይ ይቀራል። ካርዱን ይዞ በግቢው በር ወጥቶ ታክሲ ይይዛል።

አንድ፦ በሮቹን ቁጠሩ

ወረቀት ያዙና ሰው ወደ ሆስፒታላችሁ የሚገባባቸውን በሮች ጻፉ። ካርድ ክፍል አንድ ነው፤ በሮቹ ግን ብዙ ናቸው። ድንገተኛ፣ ተመላላሽ፣ ቅድመ ወሊድ፣ ማዋለጃ፣ የሕፃናት ክፍል፣ የቲቢ ክፍል፣ የአባላዘር ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ እያንዳንዱ ዋርድ።

ከዚያ በሁለት ክፈሏቸው። በመጀመሪያው ወገን ምርመራው ለሁሉም የሚቀርብባቸው ይግቡ፦ የተኛ ታካሚ፣ ቲቢ ያለበት ወይም የተጠረጠረበት፣ ነፍሰ ጡርና ወላድ፣ የአባላዘር በሽታ ይዞት የመጣ፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን። እዚህ ምርጫ የለም። «ይቺ እንኳን ጨዋ ትመስላለች» ብሎ ማለፍ የለም። በሁለተኛው ወገን እንደ አጠቃላይ ተመላላሽ ያሉት ይግቡ። በነዚህ ክፍሎች ለሚያልፈው ሰው ሁሉ የመመርመሪያ ኪት አይበቃም። ስለዚህ አጫጭር የተጋላጭነት መለያ ጥያቄዎች ይቀርባሉ። ጥያቄው ግን ለሁሉም ይሁን። ለአንዱ ጠይቀን ሌላውን በመልኩ ካለፍን ምርመራው እንደገና የጥርጣሬ ምልክት ይሆናል።

የነፍሰ ጡሮች ክፍል ሥራውን ከሁላችንም ቀድሞ ስለለመደው ከእሱ ተማሩ። እዚያ ኤች አይ ቪ ከቂጥኝና ከጉበት ቫይረስ ምርመራ ጋር አብሮ ይታዘዛል። እናቶቹም «የእርግዝና ምርመራ» ነው የሚሉት። የጎረቤቷ ልጅም፣ የምክትል ወረዳ ኃላፊዋም እዚያው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም ጣታቸውን ይሰጣሉ። ማፈር የሚጠፋው በዚህ ነው።

ሁለት፦ ባለቤት ስጡት

«የሁላችንም ሥራ ነው» የተባለ ሥራ የማንም አይሆንም። ለእያንዳንዱ በር በየፈረቃው ስም ይጻፍ። የሌሊት ተረኛም ይኑረው፤ ብዙ ሰው የሚተኛው በማታ ነውና። ማታ የገባው ሰው ምርመራ ለጠዋት ከተላለፈ፣ ጠዋት ደግሞ ራውንድ (የሐኪሞች የአልጋ ጉብኝት) አለ፣ ከራውንድ በኋላ መርፌ አለ፣ ከሰዓት ሪፈር ይጻፍለታል። በቃ፣ አመለጠ።

የጠዋት ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጨመር፦ «ትናንት ከተኙት ውስጥ ምርመራ ያልቀረበለት ማነው? ለምን?» ሜዲካል ዳይሬክተሩ ወይም የነርሶች ኃላፊዋ ሜትረን ራሳቸው ቢጠይቁት ይመረጣል። አንድ ወር ሳይቋረጥ ከተጠየቀ ሰው ጥያቄውን ፈርቶም ቢሆን መሥራት ይጀምራል፤ ከዚያ ይለምደዋል።

ሦስት፦ አነጋገሩ

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ኪቱም መዝገቡም ተሟልቶ አነጋገሩ ካልተስተካከለ ሥራው አይሄድም።

«ኤች አይ ቪ መመርመር ይፈልጋሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ማን ይፈልጋል? ይህ ጥያቄ ታማሚውን ብቻውን ውሳኔ ላይ ይጥለዋል። ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ መናገርም ያስደነግጣል። ስለ ደም ማነስ በምትናገሩበት ድምፅ ተናገሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እትዬ፣ አሁን ደም እንወስዳለን። የደም ማነስ፣ የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ ነው የምናደርገው። የኤች አይ ቪውን እዚህ ዋርድ ለሚተኛ ሁሉ እንሠራለን፤ ሕክምናዎን በትክክል እንድንመራው ይረዳናል። ውጤቱን የምነግረው ለእርስዎ ብቻ ነው። ይህኛው ይቅርብኝ ካሉ ንገሩኝ፤ ሌላው ሕክምናዎ አይጓደልም። የሚጠይቁኝ ነገር አለ?»

ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። እስኪመልሱ ጠብቁ። መቸኮል የለም።

ይህ ፈቃድ መጠየቅ ነው። የዘወትር ምርመራ ማለት የግዳጅ ምርመራ ማለት አይደለም። ታካሚው ሳያውቅ ከሌላ ናሙና ላይ ቀንሶ መሥራት ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ ከተወራ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያን ሆስፒታል ይሸሻል። የቃል ፈቃድ ይበቃል፤ ቻርቱ (የታካሚው የሕክምና መዝገብ) ላይ ይመዝገብ። ዕድሜው 15 የሞላ ሰው ለራሱ ይፈቅዳል። ከ13 እስከ 15 ባለው ዕድሜ ያሉ፣ ያገቡ ወይም ያረገዙ ወይም ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ልጆችም እንደዚሁ ራሳቸው ሊፈቅዱ ይችላሉ። የጎዳና ላይ ልጅ መጥቶ «አሳዳጊ ይዘህ ና» ብሎ መመለስ አያስፈልግም።

አሁን የምትሰሟቸው መልሶች። አብዛኞቹ የታወቁ ናቸው።

«ምን አይታችሁብኝ ነው?» ይህ ከሁሉም ይበዛል። መልሱ አጭር ነው፦ «ምንም አላየንብዎትም። ጎንዎ ለተኙትም ለእርስዎም እኩል ነው የምንጠይቀው።» ይህን በእውነት ማለት የምትችሉት ግን ለጎረቤቱም ከጠየቃችሁ ነው። ታካሚ እርስ በርሱ ያወራል፤ ያመሳክራል።

«ለጋብቻ ስል ተመርምሬያለሁ።» ብዙ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጥንዶችን ከጋብቻ በፊት እንዲመረመሩ ስለሚጠይቅ ይህ መልስ እውነት ነው። ተጋቡ ከተባለ ግን ስንት ዓመት ሆነ? «ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገዋል። ከዚያ ወዲህ ጊዜ አልፏልና ዛሬ እናድሰው» ይበቃል። ስለ ትዳር ጓደኛ ታማኝነት ክርክር ውስጥ አትግቡ።

«ባለቤቴን ላማክር።» ጊዜ ስጧት። ነገ ጠዋት ደግማችሁ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁትንም ለተረካቢው ተናገሩ። በመጀመሪያው ቀን እንቢ ያለ ሰው በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት እሺ ይላል። እንቢታ ሲመዘገብ ታካሚው ጥፋተኛ አይደለም፤ ፊትም አይጠቆርበትም።

«ጸበል ላይ ነኝ።» ይህን ስትሰሙ በፍጹም አትቀልዱ። እንጦጦም ሸንኮራም ሄደው የተጠመቁ ሰዎች አሉን። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረዋል። ይህን መንገር ይጠቅማል፤ ብዙ አማኝ ካህኑ ከተናገረው በላይ እኛን አይሰማም። «ጸበልዎን አይተዉ። ምርመራውም መድኃኒቱም አይከለክልዎትም» በሉ።

ሌላም አለ፤ ዝም ብሎ እሺ የሚል፣ ቀድሞ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው። ሌላ ቦታ ጀምሮ እዚህ ደብቆ እንደ አዲስ ይመረመራል። ስለዚህ ከጣት መውጋታችሁ በፊት «በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት ላይ ያለን ሰው እንደገና መመርመር አይመከርም። አንዳንዴ ነጋቲቭ ሊያሳይ ይችላልና። ያን ውጤት ይዞ «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው አደጋ ላይ ነው።

ከተማው ዳር ላይ ነንና ቋንቋውንም አስቡበት። ታካሚው ሐሳቡን በአፋን ኦሮሞ የሚገልጽ ከሆነ አስተርጓሚው የሥራ ባልደረባ ይሁን፤ ልጁ ወይም ወንድሙ አይሁን። ሴት ልጅ ስለ አባቷ የጾታ ግንኙነት ጥያቄ አስተርጉሚ መባል የለባትም።

አራት፦ አስታማሚው

በኛ ዋርድ ታካሚ ብቻውን አይተኛም። አልጋው ራስጌ አክስት አለች፣ እግርጌው ወንድም፣ ፔርሙስና ሳህን የያዘች ጎረቤት ደግሞ መስኮቱ ጋ። ፍቅር ነው፤ ያለ እነሱ ዋርዱ አይሠራም። ሚስጥር ግን በነሱ ፊት አይወራም።

አንዱን አልጋ ለይቶ «እናንተ ውጡልን» ማለት አደጋ አለው። ሰባቱ አልጋ ሁሉ ዞሮ ያያል። ስለዚህ ሰዓት አብጁለት። ከራውንድ በፊት ለአንድ ሰዓት የሁሉም አልጋ አስታማሚ ወደ ግቢው ይወጣል። ጥበቃው ያውቃል፤ በበሩ ላይ ሰዓቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይለጠፋል። በዚያ ሰዓት ቁስል ይታጠባል፣ ደም ይወሰዳል፣ ምርመራ ይቀርባል፣ ውጤት ይነገራል። ሁሉም የሚወጣበት ሰዓት ማንንም አያጋልጥም።

መጋረጃ ከሌለ ተንቀሳቃሽ መከለያ ፈልጉ። እሱም ከሌለ መራመድ የሚችለውን ታካሚ ወደ ፋሻ መቀየሪያው ክፍል ውሰዱ፤ ሌሎችንም በተራ ስለምትወስዱ ጥርጣሬ አይኖርም።

ራሱን ለሳተ ሰው፣ ምርመራው ለሕክምናው የግድ ካስፈለገ ሐኪሙ ይወስናል፤ ምክንያቱም ቻርቱ ላይ ይጻፋል። ውጤቱ የታካሚው ነው። ሲነቃ ለራሱ ይነገረዋል። አስታማሚው «ምን ተገኘ?» ቢል «ሲነቃ ከራሱ ጋር እንነጋገራለን» በሉ። ወንድሜ ነኝ፣ ሚስቱ ነኝ፣ የሚቀጥረው ድርጅት ነኝ ለሚል ሁሉ መልሱ አንድ ነው።

ካርድ ላይ ቀይ ምልክት፣ የቻርት ሽፋን ላይ ኮድ፣ አልጋ ላይ የተለየ ጓንት አታስቀምጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳን ትርጉሙን ታውቀዋለች።

አምስት፦ ደሙና ኪቱ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ሰልጥናችኋል። ግን ስህተት የሚገባው በዚህ ነው።

ኪቱን ከመስኮት አጠገብ አታስቀምጡ። አብዛኞቹ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይጠበቃሉ። የአንዱን ኪት ፈሳሽ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ። ጣት ወጉ፣ የመጀመሪያውን ጠብታ ጥረጉ፣ ቀጣዩን ተጠቀሙ፤ ጣቱን አትጭመቁ። ሰዓት ቆጣሪ አብሩ። ወረቀቱ 15 ደቂቃ ካለ በ15 ደቂቃ ይነበብ፤ በ5 ደቂቃ ነጋቲቭ ብሎ መጻፍ እንደ ውሸት ነው። የቁጥጥር መስመሩ ካልወጣ ምርመራው አልተሠራም ማለት ነው፤ በአዲስ ኪት ይደገም። ደብዛዛ መስመርም መስመር ነው። «ገርጣ ብሏል» ብላችሁ አትተዉት።

የመጀመሪያው ምርመራ ምላሽ ካሳየ በሁለተኛው ዓይነት፣ ከዚያም በሦስተኛው ዓይነት ይረጋገጣል። በአንድ ኪት ብቻ ማንንም ፖዘቲቭ አትበሉ። ውጤቶቹ ካልተስማሙ ለታካሚው የሚነገረው «ገና አልታወቀም» ነው፤ ከ14 ቀን በኋላ ይመለሳል። ያን ቀጠሮ በስልክ አስታውሱት፤ በዚህ መካከል የሚያልፈውን እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሌሊት አስቡ።

ዕድሜው ከ18 ወር በታች የሆነ ሕፃን በዚህ ኪት ሊረጋገጥ አይችልም። የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ ውስጥ ስለሚኖር ውጤቱ ስለ እናቱ ነው የሚናገረው። ለሕፃኑ ከተረከዙ ደም በወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላብራቶሪ ይላካል፤ የመጀመሪያው በ6 ሳምንቱ ነው። ከክትባት ቀጠሮው ጋር ማገናኘት ቀላሉ መንገድ ነው።

ስድስት፦ ውጤት

ነጋቲቭ ውጤት ቶሎ ይነገራል፤ ግን በወረቀት ብቻ አይሰጥም። በቅርብ ጊዜ ያሳሰበው ነገር ካለ፣ ኮንዶም ሳይጠቀም ግንኙነት አድርጎ ከሆነ፣ ገና ላይታይ ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ ይድገም። ነገሩ ከ72 ሰዓት በታች ከሆነ ደግሞ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። የተደፈረች ሴት ድንገተኛ ክፍል ስትመጣ ሌላው ወረቀት ሁሉ ይቆይ፤ ይህ ሰዓት ይቆጠርባታል።

ፖዘቲቭ ውጤት ስትነግሩ ቁጭ በሉ። ስልካችሁን አጥፉ። ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ፦ «የደም ምርመራው ውጤት መጥቷል። በደምዎ ውስጥ ኤች አይ ቪ ተገኝቷል።» ከዚያ ዝም። የሚያለቅስ ያልቅስ። የሚስቅም አለ፤ ድንጋጤ ነው። መሐረብ አቀብሉ። ንግግር አታብዙ፤ በዚያ ሰዓት የሚሰማው ጥቂት ነው። የሚበቃው ይህ ነው፦ መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ አብዛኛው ሰው በቀን አንድ ኪኒን ነው የሚወስደው፤ መድኃኒቱን በትክክል የወሰደና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግንኙነት ለጓደኛው አያስተላልፍም፤ ጤነኛ ልጅም መውለድ ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ለወጣት ሴቶች ስትነግሯቸው ፊታቸው ላይ የሚታየውን ለውጥ እያያችሁ ቀስ በሉ።

አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ዶርም ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ስለምትኖር ብልቃጡ ሲንኮሻኮሽ ያሰማል ብላ መድኃኒቱን እንቢ ልትል ነበር። ጥጥ አስገቡበት አልናት። ችግሩ ይኸው ነበር። ሰው እንቢ ያለበትን ነገር ጠይቁ፤ አንዳንዴ በአንድ ጥጥ ይፈታል።

ሰባት፦ እጁን ይዛችሁ ውሰዱት

ሪፈር ወረቀት ሰው አያደርስም። ፖዘቲቭ የሆነውን ሰው የነገረው ባለሙያ ራሱ እስከ ኤ አር ቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሕክምና) ክፍል ይሸኘው። ዋርድ የተኛ ከሆነ ደግሞ የኤ አር ቲ ነርሷ ወደ አልጋው ትምጣ፤ በእንግዳ ሐኪም መልክ መጥታ ታናግረው። በብዙ ቦታ ታካሚዎችን የሚከታተሉት ኬዝ ማናጀሮችና መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ የሚያግዙት አድሄረንስ ሰፖርተሮች ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ናቸው። «እኔም እዚህ አልጋ ላይ ነበርኩ» የሚል ሰው ከሰዓት ሙሉ ትምህርት ይበልጣል።

ዝግጁ ከሆነ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ይጀመር፤ ካልሆነ በ7 ቀን ውስጥ። መጀመሩን ለማዘግየት የሚበቃው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ ቲቢ፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ጠይቁ፤ ቲቢ ካለ ሕክምናው ይቀድምና ኤ አር ቲው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይከተላል። ሁለተኛ፣ ከባድ ራስ ምታትና አንገት መድረቅ ካለ የአንጎል ሽፋን ብግነት ተጣርቶ ብቻ ይጀመር። ከመጀመሩ በፊት ምርመራው በሌላ ባለሙያ፣ በአዲስ ናሙና አንድ ጊዜ ይደገም።

የት እንደሚወስድ ይምረጥ። ከገላን የመጣ ሰው መድኃኒቱን በሰፈሩ ጤና ጣቢያ መውሰድ ላይፈልግ ይችላል፤ የአክስቱ ልጅ እዚያ የካርድ ሠራተኛ ናት። ሌላው ደግሞ የታክሲ ገንዘብ የለውም፤ ለእሱ ቅርቡ ነው የሚሻለው። ቫይረሱ በቁጥጥር ሥር ሆኖለት የተረጋጋ ሰው በ6 ወር አንዴ መምጣት ስለሚችል ለሾፌሩና ለፈረቃ ሠራተኛው ይህን ከወዲሁ ንገሩት፤ «በየወሩ ከሥራ መቅረቴ ነው» ብሎ የሚሰጋው ብዙ ነውና። መድኃኒቱ በምግብም ያለ ምግብም ይወሰዳል። በጾም ወቅት ሰዓቱን ማታ ላይ ማድረግ ይቻላል። የጨጓራ መድኃኒት፣ ብረትና ካልሲየም የሚወስድ ግን አብሮ እንዳይወስድ ንገሩት።

ስምንት፦ ቤተሰቡ

አንድ ፖዘቲቭ ታካሚ ሲገኝ ቤቱም ይታሰባል። የትዳር ጓደኛ፣ የቀድሞ ጓደኛ፣ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች። ማን ይናገር? ራሱ ሊነግር ይችላል፣ ከባለሙያ ጋር ሆኖ ሊነግር ይችላል፣ ወይም ባለሙያው ስሙን ሳይጠቅስ ጓደኛውን ሊጋብዝ ይችላል። ምርጫው የታካሚው ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ፦ «ቢያውቅ ይመታሻል ብለሽ ትፈሪያለሽ?» አዎ ካለች አትገፉ። ደህንነቷ ይቀድማል። ልጆቹን ግን ያለ ምንም ሰበብ ክትባት ቀን ላይ ማምጣት ይቻላል።

ዘጠኝ፦ ስለ ራሳችን

ዋርድ ውስጥ ያለው ፍርሃት ከእኛ ይጀምራል። ፖዘቲቭ ታካሚ ላይ ሁለት ጓንት የሚደርብ፣ ለሌላው ግን በባዶ እጁ የሚወጋ ሰው ራሱን አይጠብቅም፤ ማን ቫይረስ እንዳለበት በፊት ገጽ አይታወቅምና። ለሁሉም ጓንት፣ ለሁሉም የመርፌ ማስወገጃ ሳጥን። መርፌ ከወጋችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፤ አትጭመቁ። ወዲያው ለተረኛው ተናገሩ። መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። መድኃኒቱ በድንገተኛ ክፍል የሌሊት ቁም ሣጥን ውስጥ ይኑር። ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ሁሉም ይወቅ፤ እሑድ ሌሊት ፋርማሲስቱን መፈለግ አይገባም።

በመጨረሻም ባለሙያው ራሱ ይመርመር። ለታካሚው «ሁላችንም» ስንል ድምፃችን ላይ ይታወቃል።

አሥር፦ ቆጠራና የኪት እጥረት

ስንት ሰው ተመረመረ የሚለው ቁጥር ብቻውን ያታልላል። ሌሎቹን ቁጠሩ፦ ከተኙት ውስጥ ለስንቱ ቀረበ፣ ስንቱ እሺ አለ፣ ስንቱ ውጤቱን ወሰደ፣ ፖዘቲቭ ከሆኑት ስንቱ በ7 ቀን መድኃኒት ጀመረ። በወሩ መጨረሻ አራቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፏቸው። የቀረበለት ሰው ቁጥር ዝቅ ካለ ችግሩ እኛ ጋ ነው። እሺ ያለው ዝቅ ካለ አነጋገሩ ጋ ነው። የጀመረው ዝቅ ካለ የመሸኘቱ ሥራ ጋ ነው።

ኪት ሲያልቅ «የለም» ብላችሁ በር አትዝጉ። ቅድሚያው ነፍሰ ጡር፣ ማዋለጃ፣ ቲቢ፣ ከ5 ዓመት በታች በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን፣ የተደፈረ ሰው። ለሌላው ስም ይያዝ፤ ስልኩ ላይ መልእክት ምን እንደሚጻፍ አብራችሁ ወስኑ፤ «ኤች አይ ቪ» የሚል ቃል በስልኩ ስክሪን ላይ አይታይ። «ነገ ጠዋት ለላብራቶሪ ይምጡ» ይበቃል። ላብራቶሪውና ፋርማሲው የቀሩትን ኪቶች በየሳምንቱ ይቁጠሩ፤ የሁለት ሳምንት ሲቀር ጥያቄ ይላክ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚገባ ጭነት ካለ ስልክ ደውለው ያረጋግጡ፤ የከተማ ዳር ሆስፒታል ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ከሌሎች በኋላ ነው።